ቁልፍ፣ ቆጠራ፣ መዝገብ፦ ስለ ማረሚያ ፖሊስ ሥራ ለጻፋችሁልን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ማረሚያ ቤት ሥራ የምትፈልጉትን ጠይቁን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከልደታና ከሜክሲኮ አካባቢ ናቸው። አያስገርምም፤ የእስረኛ መኪና ሲመጣና ሲመለስ የሚያየው የዚያ ሰፈር ሰው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ጓደኛዬ ለማረሚያ ፖሊስነት እንመዝገብ እያለኝ ነው። እናቴ ግን "ሰው ስትደበድብ ልትኖር ነው?" ብላ ተቆጣች። ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? (ከአራት ኪሎ)

እናትህ በልባቸው ያለው የድሮው ወህኒ ቤትና የድሮው ዋርድያ ይሆናል። አንድ ተረኛ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራውን ብትከተል ግን እጁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው ቁልፍና እስክሪብቶ ነው።

ተራው የሚጀምረው በርክክብ ነው። ጎበዝ ተረኛ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ የዕለቱን መዝገብ ያነባል፤ ወጪውን ባልደረባውን ይጠይቃል። ስንት ሰው አለ? ማን ታመመ? ማን ከማን ተጣላ? ትናንት ችሎት የቀረበው ምን ተፈረደበት? ጠያቂው የቀረበት ማነው? የትኛው ቁልፍ አልዞር አለ? ከዚያ በሩን፣ መስኮቱንና ፍርግርጉን በእጁ ይፈትሻል። ብረቱን መታ መታ ያደርገዋል፤ የተሰነጠቀ ወይም የተሞረደ ብረት እንደ ደህናው አይጮኽም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚፈርመው። ከፈረመ በኋላ የጎደለው ሁሉ ያንተ ነው፤ "ስረከብም እንዲህ ነበር" የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

ቀሪው ቀን በሮችን በሰዓቱ መክፈትና መዝጋት፣ ቀለብ ሲታደል መቆም፣ የታመመን ወደ ክሊኒክ መሸኘት፣ ጠያቂ ማስተናገድ፣ ወደ ትምህርትና ወደ ሙያ ሥልጠና የሚሄዱትን በስም አውጥቶ በስም መመለስ ነው። በተረፈው ሰዓት መዞር ነው። ዙረቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ እስረኛው ሰዓትህን ከአንተ በላይ ያውቀዋል።

ስለ ዱላው ለእናትህ ይህን ንገራቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊ ወይም ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፤ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ክብሩ በተጠበቀ ሁኔታ መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 መሠረት በእጁ ያለን ሰው የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመም "አለቃዬ አዞኝ ነው" ብሎ ነጻ አይወጣም። ኃይል የሚፈቀደው ራስን ወይም ሌላ ሰውን ለመከላከል፣ ማምለጥን ለማስቆም ወይም ሕጋዊ ትእዛዝን በጉልበት የሚቃወምን ለመግታት ነው፤ ያውም በሚያስፈልገው ልክ ብቻ። ጠብ ሲነሳ የመጀመሪያው ሥራ ደወል ማሰማት፣ ሁለተኛው በሩን መዝጋት ነው። ብቻውን ወደ መሃል የሚገባ ጀግና ራሱን ያስመታል፤ አንዳንዴም ጠቡ የተነሳው እሱን ከበሩ ለማራቅ ነው። ግርግሩ ሲበርድ እስረኛውም ፖሊሱም በሐኪም ይታያሉ፤ የነበረው ፖሊስ ሁሉ ለየብቻው ይጽፋል። ተመካክረው የጻፉት ሪፖርት ቃል በቃል ሲመሳሰል ዳኛ አያምነውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ "ቆጠራ አልገጠመም" ተብለን ከአንድ ሰዓት በላይ በር ላይ ቆምን። ሰው መቁጠር ይህን ያህል ያስቸግራል? (ከልደታ)

ያስቸግራል። ከብት በረት ውስጥ ቆሞ ይቆጠራል፤ ሰው ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይመሳሰላል፣ ይደበቃል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ዞን ጠዋት በመዝገብ 412 ሰው አለው እንበል። 6 አዲስ ገቡ፣ 3 ተፈቱ፤ 415 ሆነ። ከነዚህ 23ቱ ፍርድ ቤት፣ 4ቱ ሆስፒታል ናቸው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ 388 ሰው መገኘት አለበት። 387 ከተገኘ በር አይከፈትም። 389 ከተገኘም አይከፈትም፤ ትርፍ ማለት አንዱ ሁለቴ ተቆጥሯል ማለት ነውና ከሥሩ ጎደሎ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

ቆጠራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ሲቆጥር ሌላው የተቆጠረው ወዳልተቆጠረው እንዳይሻገር ያያል። ከዚያ ቦታ ተለዋውጠው ይደግማሉ፤ ቁጥሩን ሳይነጋገሩ ለየብቻ ጽፈው ያስተያያሉ። የመጀመሪያው "48" ብሎ ጮክ ካለ ሁለተኛውም 48 ማግኘቱ አይቀርም። በዚህ መሃል ሽንት ቤት መሄድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ከክፍል ክፍል መሻገር የለም። የክፍሉ ካቦ "ሙሉ ነን" ማለቱም ቆጠራ አይደለም፤ ካቦ እስረኛ ነው፤ የፖሊስን ሥልጣን ይዞ ሊቆጥርም ሊቀጣም አይገባም።

የሌሊቱ ይብሳል። በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ሁሉም ተሸፋፍኖ ነው የሚተኛው። ደንቡ ግን ብርድ ልብስ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የታየ ገላና የሚንቀሳቀስ ትንፋሽ ነው። ባትሪው ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ግድግዳ ይበራል እንጂ ዓይን ላይ አይደቀንም። በየሌሊቱ ዓይኑ ላይ የሚበራበት ሰው ጠዋት የጠብ ምክንያት ይፈልጋል።

ቁጥሩ ሳይገጥም ሲቀር መጀመሪያ የሚታየው ወረቀቱ ነው። ወጥ ቤት የገባው ተመዝግቧል? ክሊኒክ የተኛው ከዞኑ ቁጥር ተቀንሷል? ከፍርድ ቤት የተመለሰው ተደምሯል? ከዚያ ቆጠራው ይደገማል፤ አሁንም ካልሞላ በስምና በፎቶ አንድ በአንድ ይጠራል። የዚያን ዕለት ያቆማችሁም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ከጠፋ ሰው ይልቅ የጠፋ ወረቀት ይበዛል። ተራ የሚለዋወጥበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ከዚያ ራቅ ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላችኋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማረሚያ ቤት ነው የሚሠራው። ብዙ ወንጀለኛ ባለበት ግቢ መሣሪያ ሳይዝ ይገባል መባሉ ያስፈራኛል። (ከካዛንቺስ)

እህታችን፣ መሣሪያ ያለመያዙ ለእሱም መከላከያ ነው። አንድ ሰው በመቶ ሰው መሃል ሽጉጥ ይዞ ቢቆም ሽጉጡ የሱ የሚሆነው እስኪነጥቁት ድረስ ነው። ስለዚህ መሣሪያ በማማውና በውጭው አጥር ይቀራል። ከእስረኛ ጋር በቀጥታ የሚውለው ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ባዶ እጁን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው። ደንቡ በ1962 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና በወሰዱት፣ ኋላም 27 ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም ይጠራል።

ይልቅ የሚያስፈራው ቁልፍ ነው። ቁልፍ ወገብ ላይ ሲንጠለጠል ጥርሱ መታየት የለበትም፤ ወይ በኪስ ወይ በእጅ መዳፍ ይሸፈናል። ጥርሱን ደጋግሞ ያየ ብልህ እጅ ሊቀርጸው ይችላል፤ ለአፍታ ካገኘውማ በሳሙና ላይ ቅርጹን ያስቀራል። ቀለበቱ እንዳይከፈት የተበየደ መሆን አለበት፤ በላዩ ስንት ቁልፍ እንዳለ የሚገልጽ ታርጋ ይንጠለጠልበታል፤ የሚቀበለውም የሚያስረክበውም ይቆጥራል። ቁልፍ ቤት አይሄድም። ድርብ በር ባለበት መግቢያ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፤ ከኋላ ኮሚሽነር ቆሞ ቢጣደፍም። ቁልፍ የጠፋበት ሰው በዚያው ደቂቃ ማሳወቅ አለበት። "እስኪ ልፈልገው" ብሎ የሚያሳልፈው ሰዓት ቅጣቱን ያከብዳል፤ አደጋውም የሚወለደው በዚያ ሰዓት ነው።

ሌላው እሳት ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 በቂሊንጦ የደረሰው ቃጠሎ የሰው ሕይወት እንደቀጠፈ ይታወሳል። ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ፌስታልና የተቀጣጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ክፍል ጭስ ከእሳቱ ቀድሞ ይገድላል። ሁለተኛው የቁልፍ ስብስብ የት እንዳለ እያንዳንዱ ተረኛ ማወቅ፣ ቁልፎቹም በጭስ መሃል በጣት ዳሰሳ እንዲለዩ ምልክት ሊቀረጽባቸው ይገባል። ልምምዱ በቀን ብቻ ከሆነ ግማሽ ልምምድ ነው።

ጥያቄ፦ ለልጄ የምወስደውን ወጥ ፖሊሶቹ በማንኪያ ያማስሉታል፤ እንጀራውን ይበትኑታል። ለምን? ምን አድርጌ ብወስድ ይሻላል? (ከቂርቆስ፣ እናት)

እናታችን፣ የሚፈለገው ስልክ፣ ሲም ካርድ፣ ምላጭ፣ ጫት፣ ሐሺሽ፣ ጥሬ ብርና አልኮል ነው። ሲም ካርድ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ የዶሮ ብልት ሥር ይደበቃል። ስልክ ምን ይጎዳል እንዳይሉ፤ ምስክር የሚዛትበት፣ ማምለጥ የሚቀጣጠርበት እሱ ነው። ዳቦ ተቦርቡሮ፣ ሳሙና ተሰንጥቆ፣ የጫማ ተረከዝ ተፈልፍሎ፣ የመጽሐፍ ጀርባ ተላጥቶ ዕቃ ይገባበታል። ስለዚህ የእርስዎም ምግብ ከሌላው ጋር እኩል ይታያል።

ሲያዘጋጁ ወጡን ለብቻው ግልጽ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ያድርጉት። እንጀራው አይጠቅለል፤ ታጥፎ ይቀመጥ። ዳቦውን ቤት ቆርጠው ይውሰዱ፤ ሥጋው አጥንት ባይኖረው ይመረጣል። ጠርሙስና ቆርቆሮ ይተዉ። ስኳርና እርሾ አንድ ላይ ይዘው አይሂዱ፤ ከፍራፍሬ ጋር ሆኖ መጠጥ ይጠመቅበታል። መድኃኒት በስንቅ ውስጥ አይገባም፤ ከማዘዣው ጋር በክሊኒኩ በኩል ይሰጣል። ልብስ ከፖሊስ ወይም ከመከላከያ ልብስ ጋር እንዳይመሳሰል፣ ገመድ ያለው ኮፍያ እንዳይኖረው ይጠንቀቁ።

እርስዎም መብት አለዎት። ፈታሹ ጓንት ማድረግ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ንጹሕ ማንኪያ መጠቀም ይገባዋል። በሥጋ ወጥ ውስጥ የገባ ማንኪያ የጾም ሽሮ ውስጥ መግባት የለበትም፤ "ማንኪያው ይቀየርልኝ" ማለት ድፍረት አይደለም። ቅመሱ ቢባሉ አይቀየሙ። የእርስዎን ገላ የምትፈትሸው ሴት ፖሊስ ብቻ ናት። የሚመለስ ዕቃ ካለ ደግሞ ለምን እንደተመለሰ ይነገርዎታል፤ እዚያው አይቀርም።

ለፈታሾቹም አንድ ቃል፦ ዓይን ያላየው ቦታ እጅ አይገባም። ኪስና የፍራሽ ስፌት መጀመሪያ በባትሪና በመስተዋት ይታያል፤ ከዚያ ተጨብጦ ይፈተሻል። መዳፍን ማንሸራተት መርፌ ያስወጋል፤ ያውም ምን የነካ መርፌ እንደሆነ አይታወቅም። ክፍል ሲፈተሽ ከበሩ ተነስቶ በአንድ አቅጣጫ መዞር፣ የተነሳውንም ወደ ቦታው መመለስ ነው። የእናት ፎቶና የጸሎት መጽሐፍ መሬት የጣለ ፈታሽ የሚያተርፈው ቂም ነው።

ጥያቄ፦ ችሎት ለመከታተል ልደታ እመጣለሁ። እስረኞች አርፍደው ይመጣሉ፣ ካቴናው የአንዳንዶቹን እጅ አቁስሎታል። ይህ የግድ ነው? (ከተክለ ሃይማኖት)

ቁስሉ የግድ አይደለም። ካቴና ድርብ መቆለፊያ አለው፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መርፌ በቁልፉ ጫፍ ገፋ ሲያደርጓት ካቴናው ከዚያ በኋላ አይጠብቅም። ይህን የዘነጋ አጃቢ እስረኛው እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ብረቱ እንዲያጣብቀው ይፈርድበታል። ልኩ በብረቱና በእጁ መካከል አንድ ጣት ማስገባት ነው። መቀመጥ ያለበት ከእጅ አንጓው አጥንት በላይ፣ ክንድ በኩል ነው። በመንገድ ላይ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል፤ "እጄ ደነዘዘ" ሲባል ማሾፍ ሳይሆን ማየት ነው፤ ነርቭ ይጎዳልና። ቁልፉን የሚይዘው ከእስረኛው ጋር የተቀመጠው አጃቢ መሆን የለበትም። እስረኛው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ካቴናው ይፈታል፤ የማንዴላ ደንብ እንዲህ ይላል። ምጥ ላይ ያለች፣ በመውለድ ላይ ያለችና ገና የወለደች ሴት በካቴና አትታሰርም፤ ለዚህ ምንም ማመካኛ የለም።

ስለ መዘግየቱ፦ አንድ መኪና የብዙ ችሎት ሰዎችን ይጭናል። በዋዜማው የደረሰው የቀጠሮ ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ እያንዳንዱ ይፈተሻል፤ ስሙ ተጠርቶ ፊቱ ታይቶ ይወጣል። ከቃሊቲ ተነስቶ በሳሪስ በኩል መሃል ከተማ መድረስ ደግሞ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። አንዱ ችሎት እስከ 7 ሰዓት ከቆየ ሌሎቹም ምሳቸውን ሳይበሉ ይጠብቁታል። ይህ የአጃቢው ጥፋት ባይሆንም ውሃና ዳቦ ጭኖ መውጣት ግን የሱ ብልሃት ነው።

ቤተሰብ ደግሞ በመኪናው መስኮት ሲጋራ ወይም ወረቀት አይወርውር። ለአጃቢው ያ የማምለጥ ሙከራ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎዳውም ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ዓርብ ዕለት "ይፈታ" ብሎ አጎቴ ሰኞ ከሰዓት ነው የወጣው። ሆን ተብሎ ነው? (ከፒያሳ)

ሆን ተብሎ ከሆነ ወንጀል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትእዛዙ ከችሎት እስከ ማረሚያ ቤቱ መዝገብ ቤት ድረስ የሚሄድበት መንገድ ነው የሚረዝመው። በቃል የተነገረ ውሳኔ አያስፈታም፤ የመዝገብ ቁጥር፣ የዳኛ ፊርማና የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት የመፍቻ ትእዛዝ መድረስ አለበት። ሲደርስ መዝገብ ቤቱ ሦስት ነገር ያያል፦ ትእዛዙ እውነተኛ ነው ወይ፣ ሰውየው ራሱ ነው ወይ፣ ሌላ መዝገብ አለበት ወይ።

ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አበበ ከበደ የሚባል ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሊገኝ ይችላል፤ አያታቸውም ወልዴ ሊሆን ይችላል። "ኃይሉ" አንዱ ወረቀት ላይ "ሀይሉ"፣ ሌላው ላይ "ሐይሉ" ተብሎ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ሦስቱን ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ስም ብቻውን ማንንም አያስፈታም። የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ፎቶና የጣት አሻራ ይመሳከራሉ። የስም መመሳሰል ያልታሰበውን ሰው ሲያስወጣ ሁለት ጥፋት ይሆናል፤ አንዱ ያለ አግባብ ወጣ፣ ሌላው ያለ አግባብ ቀረ።

ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው የትእዛዙን ግልባጭ በማኅተም ተቀብሎ፣ የወጪ ደብዳቤ ቁጥሩን ይዞ፣ ማን እንደሚያደርሰው ጠይቆ መከታተል ነው። ሌላ መዝገብ ካለ ቁጥሩንና ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ትእዛዙ ደርሶ ምክንያት ሳይነገር ከቆየ ደግሞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ብዙ ሰው አመክሮን፣ ይቅርታንና ምሕረትን አንድ ያደርጋቸዋል። አመክሮ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰ፣ ጠባዩም ለታረመ ሰው የሚሰጥ ነው። 9 ዓመት የተፈረደበት 6 ዓመት ሲሞላው፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው ይታይለታል። ይቅርታ በቦርድ ታይቶ በፕሬዚዳንቱ የሚሰጥ ሲሆን፣ ምሕረት በአዋጅ የሚመጣ ነው። የአመክሮው ሐሳብ የሚነሳው ተራው ፖሊስ በየዕለቱ ከጻፈው የጠባይ ማስታወሻ ነው። "ጥሩ ነው" ወይም "አስቸጋሪ ነው" ብሎ መጻፍ ምንም አልጻፈም ማለት ነው፤ ምን አደረገ፣ መቼ፣ ማን አየ የሚለው ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ ሥራውን ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። በሬዲዮና በስልክ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት" የሚባለው በመዝገብ ላይ ግራ ያጋባኛል። የትኛው ቀን ነው? (ከሜክሲኮ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስንት ምስክርነት የተበላሸው በዚህ ነው። ሌሊት የሆነውን ስትጽፍ ሁለቱንም ቀን አስፍር፦ "መስከረም 4 ለ5 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20"። "ትናንት ሌሊት" ወይም "ዛሬ ሌሊት" ብለህ አትጻፍ። የፈረንጅ ሰዓት የሚያሳይ ካሜራ ካለ ልዩነቱ 6 ሰዓት መሆኑን አስታውሰህ የኛን ሰዓት ጻፍ። ስሕተት ቢኖር አትፋቀው፤ በአንድ መስመር ሰርዘህ ፈርምበት። በሁለት ጽሑፍ መሃል ክፍት መስመር አትተው፤ ነገ ሌላ ሰው ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ዞን አንድ የሰፈራችን ልጅ ታስሯል። እናቱና እናቴ አንድ እድር ናቸው። "ለእናቴ ደውልልኝ ብቻ" ይለኛል። እምቢ ብል እንዴት ሰፈር እገባለሁ? (ከጎላ ሰፈር)

መጀመሪያ ዛሬውኑ ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ፦ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ቤተሰባችን እንዲህ ይዛመዳል። ዘመድና ጎረቤት መታሰሩ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ መደበቁ ነው ጥፋቱ። የሚቻል ከሆነ ከዚያ ዞን መዛወርን ጠይቅ።

ስልኩን በተመለከተ፣ መልሱ "በሕጋዊው ስልክ ተራ ያዝ፤ ተራው ካልደረሰህ እኔ እጠይቅልሃለሁ" ነው። ምናልባት ልጁ ናፍቆት ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ፖሊስ የሚጠመደው ሁልጊዜ በትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ "አንተ ከሌሎቹ ትለያለህ" ይመጣል፤ ቀጥሎ እስክሪብቶ፣ ሲጋራ፣ አንድ ስልክ። ከዚያ "ያኔ ያደረግህልኝን ብናገርስ?" ይከተላል። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ሲም ካርድ ነው፣ ቁልፍ ነው። አንዴ ተሳስተህ ከሆነም ለአለቃህ መንገር ያለብህ አሁን ነው፤ የማስፈራሪያው ኃይል በምስጢሩ ነው።

ሰፈር ስትገባ ስለ ልጁ ጤንነት እንኳ ወሬ አትውሰድ፤ ምን በላ፣ ከማን ጋር ተኛ አይባልም። እናቱ ቢጠይቁህ የመጠየቂያውን ቀንና ሰዓት ንገራቸው፤ ይህ ለማንም የሚነገር ነው። ለቅሶና እድር መሄድህን አታቁም። ከእስረኛ ቤተሰብ ግን ለቡና የሚሆን ብር እንኳ አትቀበል።

ጥያቄ፦ ሴት ፖሊሶች ወንዶች ዞን ይሠራሉ? ወንዶችስ ሴቶች ዞን? (ከአራዳ)

ሴት እስረኛን የምትጠብቀውና የምትፈትሸው ሴት ናት። ወንድ ሠራተኛ፣ ሐኪምም ቢሆን መምህርም ቢሆን፣ ሴቶች ዞን የሚገባው ሴት ፖሊስ አብራው ስትሆን ነው። የሴቶች ዞን ቁልፍም በሴት እጅ ነው የሚቆየው። ሴት ፖሊሶች በበር ፍተሻ፣ በመዝገብ ቤት፣ በክሊኒክና በአጀብ ከወንዶች እኩል ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ "ዓለም በቃኝ" የነበረው የት ነው? (ከሜክሲኮ)

ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ የቆመበት ግቢ ነው። ሕዝቡ በጣልያንኛው "ከርቸሌ" ይለው የነበረው የማዕከላዊው እስር ቤት ክፍል ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናትና ሌሎችንም የረሸነው በዚያ ነው። አዲሱ የኅብረቱ ሕንፃ ጥር 2004 ተመርቋል።

ጥያቄ፦ አባታችን አረፉ። ወንድማችን ታስሯል። ለቅሶው ሳያልፍ እንዴት እናርዳው? በመጠየቂያው ፍርግርግ በኩል ልንነግረው ፈርተናል። (ከሰንጋ ተራ)

ነፍስ ይማር። በመጠየቂያው ላይ አትንገሩት። ግራ ቀኙ በጩኸት የተሞላ ነው፤ ሰዓታችሁ ሲያልቅ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እሱ በድንጋጤ ብቻውን ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ጠዋት በሩ ሳይጨናነቅ ደርሳችሁ ተረኛ ኃላፊውን ጠይቁ፤ መርዶ መሆኑን ንገሩት፤ የሟችን ስም፣ ቀኑንና ቀብሩ የተፈጸመበትን ቦታ በወረቀት ስጡት። ኃላፊው ማድረግ ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል ማዘጋጀት፣ ከቤተሰቡ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ማስገባት፣ እንደ እምነቱ ቄስ ወይም ሼህ ካለ ማስጠራት ነው። እስረኛውን ሲጠራው "ጠያቂ መጥቶልሃል" ብሎ ማታለል የለበትም፤ "ቤተሰብህ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል" ይበቃል። ከመነገሩ በፊት ቁርሱን በልቶ ከሆነ ይሻላል። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለበት ክሊኒኩ ቀድሞ ይወቅ። ማልቀስ ይፈቀድለታል፤ "ጸጥ በል፣ ሌሎቹን ትረብሻለህ" የሚል ፖሊስ ሥራውን አያውቅም።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ የቅርብ ጓደኞቹ አብረውት እንዲቀመጡ መፍቀድ ጥሩ ነው፤ እስረኞች የራሳቸውን ለቅሶ መቀመጥ ያውቁበታል። ብቻውን ክፍል አይደረግም። ለጥቂት ሌሊቶች ተረኛው ቶሎ ቶሎ፣ ግን ሰዓት እየቀያየረ ያየዋል። ሰው ሕይወቱን ሊያጠፋ የሚችልባቸው ሰዓቶች በጥቅሉ ይታወቃሉ፦ ገና የገባ ሰሞን፣ ፍርድ የተሰማ ዕለት፣ መርዶ የሰማ ሌሊት። ምግብ ከተወ፣ ዕቃውን ለሌሎች ማደል ከጀመረ ወይም ድንገት ከተረጋጋ ሐኪም ይጠራል።

ተረኛው የተነገረበትን ሰዓት፣ የተገኙትን ሰዎችና ሁኔታውን በመዝገብ ይጻፍ፤ ማታ ለሚረከበው ደግሞ በቃልም ይንገረው። እናንተም ሦስተኛው ቀን ላይ ተመልሳችሁ ጠይቁት።